በመርፌ ውሃ የተጠመቀው ልጅና የእኔ ሠርግ

እኔ ስጠመቅ ተኝቼ ነበር አሉ። ቄሱ ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲነክሩኝ እንኳ ዓይኔን አልገለጥሁም። የነቃሁት ሁሉ ነገር አልቆ፣ ሰው ንፍሮውን መዝገን ሲጀምር ነው እያለች እናቴ እስክትሞት ድረስ ስቃብኛለች። እስቲ ይህ ምን ይባላል? ሰው በዕድሜው ከሚደረግለት ሁሉ ትልቁ ነገር ሲደረግልኝ እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። እናንተስ ብትሆኑ? እኔ ነቅቼ ነበር፣ ሁሉን አስታውሳለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣና እንየው።

ስለዚህ ስለ ራሴ ጥምቀት የማወራላችሁ የለኝም። ስለ ሌላ ሰው ጥምቀት ግን አለኝ። የተጠመቀው እሱ ይሁን እንጂ ጣጣው የመጣው በኔ ላይ ነው። ሚስት ሊያሳጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ቆዩ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ መካነ ኢየሱስ ተወልጄ ያደግሁ። ደብረ ታቦር ተምሬ ስጨርስ ስማዳ፣ ወገዳ መምህር ሆኜ ተመደብሁ። ያኔ መምህር ሲባል ትልቅ ሰው ነው። ኮት አለችኝ፣ ክራባት አለችኝ፣ ጫማም ነበረችኝ። ጫማዋን ጭቃ በላት። የወገዳን የክረምት ጭቃ የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ጫማህን ይዞ ያስቀርና አንተን ብቻ ያሳልፍሃል።

አብሮኝ የሚኖር ጓደኛ ነበረኝ። ሐጎስ ይባላል። የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ። አገሩ አጋሜ ነው። ፀባዩ ወርቅ፣ እጁ ቀላል፣ ሳቁ ቤት የሚሞላ። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ካቶሊክ ነው።

ዛሬ አንድ ሰው ካቶሊክ ነኝ ቢላችሁ እሺ፣ ታዲያ ምሳ በላህ ትሉታላችሁ። ያኔ እንዲህ አልነበረም። በኛ አገር ካቶሊክ ሲባል ሰው ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የሚቆጣ። ያኔ በካቶሊክ የተነሣው የሃይማኖት ጦርነት ትናንት ጓሮው የተደረገ ነው የሚመስለው። ሐጎስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ማኅተብ አስሯል፣ ቅዳሴያችንም በግእዝ ነው ይላል። እንግዲያው ምንህ ነው ካቶሊክ ያሉት እንደሆነ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ይጀምራል። ሰው ግራ ይገባዋል። ዓርብ ዓርብ ሥጋ ሲበላ ቢያገኙት ደስ ይላቸው ነበር፤ ቢያንስ ይለያላ!

እኔ በዚያው ዓመት እጮኛ ይዣለሁ። ይታይሽ ትባላለች፤ የባላምባራስ አድማሱ ልጅ ናት። ባላምባራስ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ በሬያቸውም ገብሳቸውም ቁጣቸውም የተትረፈረፈ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ልኬ በሦስተኛው እሺ አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ እንደ አገሩ ወግ እጮኛዬን ማየት ክልክል ነው። ያየሁት ተረከዟን ብቻ ነው፤ እኔ ስገባ እሷ ወደ ጓዳ ስትሮጥ። ግን ምን ዓይነት ተረከዝ መሰላችሁ! ለሱ ስል ትምህርት ቤት ሲዘጋ እስቴ መግባቴን ትቼ ክረምቱን ወገዳ ተቀመጥሁ።

ሐምሌ ላይ ባላምባራስን እግራቸውን አመማቸው። አብጦ፣ ቀልቶ፣ መሬት አላስረግጥ አላቸው። ይህን ስሰማ አዘንሁ ብላችሁ ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ለእጩ አማች ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል? ሐጎስን ከነመርፌው ይዤ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ገሠገሥሁ።

ስንደርስ ቤቱ የአራስ ቤት ሆኗል። የይታይሽ ታላቅ እህት እናኑ ለመውለድ አባቷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ለመሬት ክርክር ደብረ ታቦር እንደ ሄደ ወንዝ ሞልቶበት ቀርቷል። ሐጎስ ጊዜ አላጠፋም። መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ውሃ አድርጎ ምድጃ ላይ አፈላ፤ አውርዶ እስኪበርድ ጠበቀ። ባላምባራስ እግራቸውን ዘርግተው ለመርፌው ለራሱ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ጠልቀህ እንዳትገባ ይሉታል። ይሄን ጊዜ ከጓዳ ጩኸት ተሰማ።

ሕፃኑ ከትናንት ጀምሮ ጡት አልይዝ ብሎ ኖሯል። አሁን ደግሞ ፊቱ ጠቁሮ ትንፋሹ ይመጣል፣ ይጠፋል። ባላምባራስ ቄስ ጥሩ ብለው ጮኹ። ማን ይጥራ? ቤተ ክርስቲያኑም፣ የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞገስም ከወንዙ ማዶ ናቸው። ወንዙ ደግሞ ያን ሰሞን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወስዳል።

እናኑ ያኔ ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሞተብኝ አላለችም። ሳይጠመቅ! ሳይጠመቅ ሊሄድብኝ ነው! ነው የምትል። እንደምታውቁት በኛ ወንድ ልጅ የሚጠመቅ በአርባ ቀኑ ነው፤ ሴት በሰማንያ። ይህ ገና አምስት ቀኑ። እንዲሁ ከሞተ ፍትሐት የለው፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ መቃብር የለው፣ ስም እንኳ የለው። ለእናት ይህ ከሞቱ ይብሳል።

ሐጎስ የአራስ ጓዳ ነው፣ ወንድ አይገባም ሳይል ዘሎ ገባ። እኔም ሳላስበው ተከተልሁት። የልጁን አፍና አፍንጫ ጠረገ፣ ደረቱ ላይ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ እናኑን አያት። የድሬሰርነት ሥራዬ እዚህ ላይ አልቋል አላት፤ ማጥመቅ ግን እችላለሁ።

ሴቶቹ ክው አሉ። አሮጊቷ አዋላጅ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንህ ብላ አፈጠጠችበት። ቄስ አይደለሁም አለ። በኛ ሕግ ሕፃን ለሞት ሲደርስ ማንም ሰው ያጠምቀዋል፤ ወንድም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን፣ ራሱ ያልተጠመቀ ሰው እንኳ ቢሆን። ውሃው ይኑር፣ ቃሉ ይኑር፣ የሚያጠምቀው ሰው ቤተ ክርስቲያን የምታስበውን ያስብ። ሌላ የለም። ቶሎ ወስኚ አላት። እናኑ ለመወሰን አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። አጥምቅልኝ አለች።

ውሃ አምጡ ተባለ። እንስራው ባዶ! ልጃገረዶቹ ምንጭ ወርደዋል። ደጁ ሁሉ ውሃ ነው፣ ግን ጭቃ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ጠላ ነው፤ ሁለት ጋን ሙሉ። አዋላጇ በቅል ቀድታ አቀረበች። ጥሩ ጠላ ነው፣ ጠርቷል አለች። በጠላ አይሆንም አለ ሐጎስ። በወተትስ? በወተትም አይሆንም። ታዲያ እናንተ ካቶሊኮች ምንድን ነው የምትወዱት ብላ ተቆጣች። በዚህ መሃል ሐጎስ ቆርቆሮው ትዝ አለው፤ መርፌ የቀቀለበት ውሃ። ለብ ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ነው።

ያዘው አለና ልጁን በክንዴ ላይ አኖረው። ለምን እኔ? አዋላጇ እናኑን ደግፋለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ እሱ ባንድ እጁ ቆርቆሮውን ይዟል፣ በሌላው የልጁን ፀጉር ይገልጣል። ከኔ ሌላ ሥራ ፈት የለም። ዕድሜዬን ሕፃን ይዤ አላውቅም። ወጥ የሞላበት ድስት የያዝሁ ይመስል ክንዴን ገትሬ ቆምሁ።

ስሙ ማን ይሁን አለኝ። ጧት ጧት የስንቱን ልጅ ስም የምጠራ መምህር አንድ ስም ጠፋኝ። የራሴን ስም ልናገር ምንም አልቀረኝም። መጨረሻ ላይ ገብረ ሚካኤል! ብዬ ጮኽሁ። እናቴ የምትዘክረው ሚካኤልን ስለሆነ ይሆናል። ሐጎስ ውሃውን ሦስት ጊዜ አናቱ ላይ አፈሰሰ። ገብረ ሚካኤል፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያን ሳቂታ ሰው እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ልጁ አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። ከዚያማ እሪ አለ! የፊቱ ጥቁረት ተገፎ ቲማቲም ሆነ። አዋላጇ እልልታዋን ለቀቀችው። እናኑ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም ልዋሽ አልወድም፣ አለቀስሁ። ባላምባራስ ባንድ እግራቸው እየዘለሉ ጓዳው በር ላይ ደረሱ። ማን ሞተ አሉ። ማንም አልሞተም፣ ልጁ ተጠመቀ ተባሉ። ማን አጠመቀው? ሴቶቹ ወደ ሐጎስ ጠቆሙ። በምን? ሐጎስ ቆርቆሮውን ከጀርባው አደረገ። የነገረቻቸው አዋላጇ ናት። በመርፌ ውሃ አለቻቸው።

ባላምባራስ ያን ቀን ሲወጉ እንኳ አልጮኹም። እንደ ደነገጡ ተወጉ።

እኛ ደስ ብሎን ወገዳ ገባን። ልጁ ጡት ያዘ፣ የባላምባራስ እብጠት ጎደለ፣ እኔም በአማቾቼ ዘንድ ክብሬ ጨመረ እያልሁ ደረቴን ነፋሁ። ወሬው ግን ከኛ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። ወሬ ደግሞ መንገድ ላይ ይወፍራል። በመጀመሪያው ገበያ ድሬሰሩ በመርፌ ውሃ አጠመቀ ተባለ። በሁለተኛው ገበያ ድሬሰሩ ጥምቀትን በመርፌ አድርጎ ክንዱን ወጋው ሆነ። በሦስተኛው አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን አዝላ ክሊኒክ መጣች። እባክህ፣ ለዚህም ያንኑ ውጋልኝ አለችው። ሐጎስ ይህን ሲነግረኝ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ የመጨረሻዬ ሳቅ ነበር፤ በማግሥቱ ባላምባራስ አስጠሩኝ።

ስደርስ ቄስ ሞገስም አሉ፤ ወንዙ ቀለል ብሎ ተሻግረዋል። ባላምባራስ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የቆሙት በኛ መርፌ ነው፤ እሱን አላነሱትም። ሕፃኑ ሲጠመቅ ማን ያዘው አሉኝ። እኔ ነኝ አልሁ፣ በኩራት። ስሙንስ ማን አወጣ? እኔ ነኝ። እንግዲያው ክርስትና አባቱ አንተ ነህ? ነኛ! አልሁ፤ አሁንም በኩራት። እንግዲያው እናኑ አበልጅህ ናት፤ አበልጅ ማለት እህት ናት፤ እናኑ እህትህ ከሆነች የእናኑ እህት ምንህ ናት አሉኝ።

ኩራቴ የት እንደ ገባ እንጃ።

አበልጅነት በኛ አገር እንዲህ ቀልድ አይምሰላችሁ። የልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ለወላጆቹ ሥጋ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መጋባት የሚባል ነገር የለም። እስቴ አንድ አጎት ነበረኝ፤ ከሚስቱ ተፋትቶ ብቻውን መኖር የጣመው። ዘመዶቹ ጎረቤቱ ያለችውን እርጉዝ ሳለች ባል የሞተባትን ሴት ካላገባህ ብለው ቁም ስቅሉን አሳዩት። ሽማግሌ በላይ በላዩ ነው። አጎቴ አንድም ቀን እምቢ አላለም። እሺ፣ እሺ ይላል። የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ አርባ ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይጠራው በጧት ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ክርስትና አነሣላት። በቃ፣ ነገር አለቀ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ሴትዮዋ ብቻ ናት እስከ ዕለተ ሞቱ ያኮረፈችው። እኔ ታዲያ አጎቴ ሊያመልጥ የገባበት በር ላይ ሳላውቀው ሄጄ ተቆለፍሁ።

ሠርጉ ቀርቷል አሉ ባላምባራስ። ያኔ ነው ቄስ ሞገስ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ለመሆኑ ምን ጥምቀት አለና ነው አሉ። ካቶሊክ፣ ያውም ቄስ ያልሆነ፣ ያውም በመርፌ ውሃ! ይህ ጥምቀት አይደለም፤ በአርባ ቀኑ አምጡትና እኔ አጠምቀዋለሁ። ቄስ ሞገስን ከዚያ በፊት ብዙም አልወዳቸውም ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ተነሥቼ መስቀላቸውን ሦስት ጊዜ ሳምሁ። አያችሁት አይደል? ጥምቀት ካልነበረ ክርስትና አባት የለም። ክርስትና አባት ከሌለ አበልጅ የለም። አበልጅ ከሌለ ሠርግ አለ!

ይህን ስትሰማ እናኑ ከጓዳ ጮኸች። ልጄን የመለሰልኝ ያ ውሃ ነው አለች። እሱ ከንቱ ነው የምትሉ ከሆነ በምን ተነሣ? ሁለተኛ ውሃ የሚያስነካው ሰው በላዬ ላይ ይለፍ። አባቷ ተቆጡ፣ ቄሱ ገሠጹ፣ ፍንክች አላለችም። አራስ ናት፣ ምን ያደርጓታል? ይታይሽም በአዋላጇ በኩል መልእክት ላከችብኝ። ሌላ የሚይዘው ዕቃ አጥቶ ነው ሕፃን የያዘው በይልኝ ብላለች። እስከዚያ ቀን ተረከዟን እንጂ ምላሷን አላውቅም ነበር። የባሰውን ወደድኋት።

ነገሩ እዚያ ማዶ እዚህ ማዶ ሲል ቤተ ልሔም እንሂድ ተባለ። ቤተ ልሔም ጋይንት ነው፤ የሊቃውንት አገር። እዚያ ቄስ ሞገስን ያስተማሩ አንድ የድጓ መምህር አሉ። እሳቸው ያሉት ይሁን ብለን፣ ልጁ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ነሐሴ ላይ ተነሣን። ባላምባራስና ቄስ ሞገስ በበቅሎ፣ እኔና ሐጎስ በእግር።

መንገዱን ሙሉ ሐጎስን ለመንሁት። ወንድሜ፣ ለኔ ስትል ቀልዴን ነው በል። ራሱን ላጥበው ብዬ ነው በል። ሐጎስ ሳቁ ጠፋ። ሌላ ነገር ዋሽልኝ ብትለኝ እሺ እልህ ነበር አለኝ፤ በዚህ ግን አልችልም። ጥምቀት አንዴ ነው። የተጠመቀ ሰው ቢክድ እንኳ፣ ሲመለስ ንስሐ ይገባል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም። እናንተስ ብትሆኑ በጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት ትሉ የለም ወይ? ቄስ ሞገስ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ጣልቃ ገቡ። አናት ላይ ውሃ ማፍሰስ ጥምቀት ሆነ እንዴ፤ ነክሮ ነው እንጂ አሉ። ሐጎስ አልተቆጣም። አምስት ቀኑን የሞላ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን በምን ይነከራል አባ አላቸው። ደግሞም እኛ የእርስዎን ጥምቀት እንቀበላለን፤ እርስዎ ያጠመቁት ሰው ነገ ወደኛ ቢመጣ አንደግምበትም። ቄስ ሞገስ በዚህ ጭራሽ በገኑ። ማን ተቀበሉልኝ አላችሁ አሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤተ ልሔም ድረስ የተናገሩት ከበቅሏቸው ጋር ነው።

የኔታ ከደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። የቀራቸው ሁለት ጥርስ ነው፤ በሁለቱ የባቄላ አሹቅ ይታገላሉ። ቄስ ሞገስ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አንተ ዱሮም ትቸኩላለህ ብለው አስቀመጧቸው። መጀመሪያ ሐጎስን ጠየቁት። ሐጎስ የሆነውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ምን ውሃ ነበር አሉት። የመርፌ መቀቀያ። ፈልቶ ነበር? ፈልቶ ነበር። እንግዲያውስ ከኔ ማድጋ ይልቅ ንጹሕ ነው ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አንተ ልጁን ይዘህ ነበር አሉ፣ ምን አየህ?

ለዚህ ጥያቄ ከወገዳ ጀምሮ ስዘጋጅ ነበር። የኔታ፣ እኔስ ራሱን ሲያጥበው ነው ያየሁ፤ ትኩሳቱ እንዲበርድለት መሰለኝ፣ አልሁ። ሐጎስ ቀና ብሎ አላየኝም። መሬት መሬት ያያል። ባላምባራስ ፊታቸው ፈካ። ለካ እሳቸውም ሠርጉን ማስቀረቱ ከብዷቸው ኖሯል።

የኔታ አሹቃቸውን አስቀመጡ። ደግ አሉ። ልጁ ያን ቀን በክንድህ ላይ እንዳለ ሞቶ ቢሆን፣ እናቱ ልጄ ተጠምቋል ወይ ብላ ብትጠይቅህ ምን ትላት ነበር? የለም፣ ራሱን ታጥቧል ትላት ነበር?

እናኑ ሳይጠመቅ! ስትል መጣችብኝ። የሐጎስ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ መጣብኝ። ሞኝ በሉኝ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። ተጠምቋል እላት ነበር፣ የኔታ፣ አልሁ። ተጠምቋልም። አሁን የዋሸሁት ይታይሽን እንዳላጣ ብዬ ነው። ይህን ብዬ ፊቴን በኮቴ ሸፈንሁ። መምህር ነኝ፣ ክራባት አስሬያለሁ፣ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቃለሁ። ሐጎስ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። እሱም ያለቅሳል። በሃይማኖት ብንለያይም በእንባ ተባበርን።

የኔታ ፍርዳቸውን ሰጡ። ውሃ አለ፣ የሥላሴ ስም አለ፣ የእናት እምነት አለ፤ ይህን የለም የምል እኔ ማን ነኝ አሉ። ነገር ግን እኔ የድጓ ሰው ነኝ እንጂ ጳጳስ አይደለሁም። ጳጳሱ ዘንድ ልከን መልስ እስኪመጣ ድረስ ልጁ አግብቶ ይወልዳል። ሐጎስ ይሄን ጊዜ ፈራ ተባ እያለ ተነሣ። እኛ የተጠራጠርን እንደሆነ ካልተጠመቅህ እንደሆነ አጠምቅሃለሁ ብለን ነው የምናጠምቅ አለ። የተጠመቀ ከሆነ አልተደገመም፣ ያልተጠመቀ ከሆነ ተጠመቀ። የኔታ እስኪስሉ ሳቁ። ይህን የመሰለ መላ እያላቸው ነው ሮማውያን ከኛ ጋር የተጣሉ? አሉ። ቄስ ሞገስም ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ እንግዲያው እኔም ካልተጠመቅህ የምትለዋን በልቤ እላታለሁ፣ ማንም አይሰማኝም አሉ። እናኑ በዚህ ትስማማለች ተባለ። ሁሉም ደስ አለው።

ከኔ በቀር። ጥምቀቱ ከጸና የኔ ነገር አበቃ ማለት ነው። እጅ ነሥቼ ልወጣ ስል የኔታ ጠሩኝ። ተቀመጥ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል አሉ። ክርስትና አባት ማለት ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለሱ ሰይጣንን የሚክድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለሱ ሃይማኖቱን የሚመሰክር ነው። አንተ ያን ቀን ወደ ምዕራብ ዞረሃል?

የዞርሁት ወደ ጋኑ ነው አልሁ።

ሰይጣንንስ ክደሃል?

ማንም አልጠየቀኝም፣ የኔታ። ቸኩለን ነበር።

ሐጎስን አዩት። እውነቱን ነው አለ ሐጎስ። እንዲህ ባለ ጭንቅ ጊዜ ያ ሁሉ ሥርዓት ይቀራል፤ ክርስትና አባት ባይኖርም ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባላምባራስ ዞሩ። እንግዲህ ይህ ልጅ ሕፃን ተሸከመ እንጂ ክርስትና አላነሣም፤ የእናኑም አበልጅ አይደለም አሉ። ሰይጣንን አልካደምና ልጅዎን ይስጡት።

በአርባ ቀኑ ቄስ ሞገስ ካልተጠመቅህ የምትለዋን በልባቸው ብለው ልጁን ነከሩት። ክርስትና ያነሣለት የባላምባራስ ወንድም ነው። እኔን ባላምባራስ ራሳቸው ከአጥሩ ውጭ አቁመውኛል፤ ሳላስበው ወደ ምዕራብ ብዞርስ ብለው ፈርተው ነው። ጥር ላይ ሐጎስን ሚዜ አድርጌ ይታይሽን አገባሁ። የተረከዙን ባለቤት በሙሉ አየኋት።

ይኸው ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ሌላው ሰው ሰይጣንን በመካዱ ይመረቃል፤ እኔ ባለመካዴ ተዳርሁ። ነገሩን ይታይሽ አትረሳውም። ስንጣላ ወገቧን ትይዝና ትወቅሰኛለች። ምን ነበር ያን ቀን ብትክደው ትለኛለች፤ አንተም ትጸድቅ፣ እኔም ሌላ ሰው አግብቼ አርፍ ነበር።